ከነፕላስቲካቸው የተተከሉ ግራሮች

ሰው ሲያስነጥስ ስሰማ ናዝሬት ትዝ ትለኛለች። የከተማዋ ልጆች ቅር እንዳይላችሁ እንጂ፣ የዚያን ጊዜው አቧራ እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ነበር። ጠዋት ቤት ትጠርጋላችሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። የካቲት ሲገባማ ጋሪ ነጂው አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ሒሳብ ስትከፍሉት ማን እንደሆነ የምታውቁት በፈረሱ ነው።

አሁን አሁን ወጣቶች ይመጡና «ምድርን ለማዳን ከትንሹ እንጀምር፣ በየቀኑ አንዲት ነገር እናድርግ» ይሉኛል። ካናቴራቸው ላይ ጽፈውት ሁሉ አይቻለሁ። ደስ ይለኛል። እኔም እኮ ጀምሬ ነበር። የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ወኔ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ መላ ስላጣሁ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። እሁድ እሁድ ቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። አንድ እሁድ ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው «ለደን ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ የሚሆን በጎ ፈቃደኛ» ብለው ሲጠይቁ እኔን ያ አቧራ አስነጠሰኝ። ማስነጠሴ ሳያንስ መሐረቤን ይዤ እጄን አነሳሁ። ተጨበጨበልኝ። እጄን ያነሳሁት አፍንጫዬን ልጠርግ ነው ብዬ እንዴት ልናገር? ጸሐፊ ሆንኩ።

ጓድ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ለሠርጌ የለበስኩትን ሱሪ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። አብዮቱ መጣና መርፌውን አስጥሎ ማይክሮፎን አስያዛቸው። ማይክሮፎኑን ሲይዙ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር እንጂ ሰውየው ያው ነበሩ።

ሐምሌ ላይ ችግኝ በመኪና መጣልን። ከከተማው ጀርባ ያለውን ራቁት ተዳፋት በግራር ልናለብሰው ነው። ችግኙን ያመጣው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሲያወርድ «ፕላስቲኩ እንዳይቀደድ ተጠንቀቁ፣ አፈሩ ይፈስሳል» አለ። እስኪተከል ድረስ ማለቱ ነበር። ይህንን ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ጓድ በላቸው ይህችን ሰሙ። ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ጓዶች! ይህ ፕላስቲክ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው! የቀደደ በአሻጥር ይጠየቃል!»

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ችግኝ ሲተከል ፕላስቲኩ ተቀድዶ እንደሚጣል፣ አለዚያ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ እንደሚቀር አውቃለሁ። ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል።

ተስፋዬ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ጓደኛ ነበረኝ። በአንድ ስብሰባ ላይ ካድሬው የአንድ ማዳበሪያ ስም ሲሳሳት እጁን አውጥቶ «ትንሽ እርማት አለኝ» አለ። የማዳበሪያ ስም ነው እኮ! በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቁት። የጠመኔ ብናኝ በእጁ እንዳለ ሄደ። ባለቤቱ ብዙ ወር ምግብ አመላለሰች። አንድ ቀን ሳህኑን መለሱላትና ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ከዚያ ወዲህ እኔ የተማሪ ደብተር እንኳ የማርመው በር ዘግቼ ነበር።

ወደ ተከላው ልመለስ። ለየቤተሰቡ አንድ ችግኝ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ የአባወራው ስም የተጻፈበት አንድ ታርጋ ተሰጠ። ከጎኔ የግድግዳ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሾፌር ነበር፣ ሞቷል። ሳምቡሳ እየጠበሱ አንድ ልጅ አሳድገዋል፤ ሰይድ ይባላል። እሱንም በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ነው። አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልመጣም።

እትዬ ዘይነባ ችግኟን አገላበጧትና ቀስ ብለው፣ «መምህር፣ የዚች ሥሯ በየት በኩል ይወጣል?» አሉኝ።

ይህንን አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቢጠይቀኝ አቅፌ እስመው ነበር። ዙሪያዬን አየሁና «እንደተባለው ያድርጉ» አልኳቸው።

«አንተ አስተማሪ አይደለህ እንዴ?»

«እንደተባለው ያድርጉ፣ እትዬ ዘይነባ።»

ቁጢጥ አሉ። ሻርፓቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ችግኟን ከለሉና ፕላስቲኩን በጥርሳቸው ዘንጥለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ማየቴን አዩ። እኔም ዞር አልኩ። የራሴን ግን ከነፕላስቲኳ ቀበርኳት። እንዲያውም እላይዋ ላይ አፈሩን ደህና አድርጌ ረገጥኩት።

ክረምቱ ሲወጣ የሁላችንም ቢጫ ሆነ፤ ታኅሣሥ ላይ ደረቀ። ስም የተጻፈበት ታርጋና ከሥሩ አንድ አንድ የደረቀ እንጨት ብቻ ቀረ። ከሩቅ ለሚያየው መካነ መቃብር ነው የሚመስለው። በመሃሉ የእትዬ ዘይነባ ግራር ለምልማ ጉልበት ደርሳለች። ከሰዓት በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ውሃቸውን በጀሪካን ተሸክመው ያንን አቀበት ይወጣሉ። አንድ ቀን ለምን እንዲህ ይደክማሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስተክላት ኒያ ይዤባታለሁ» አሉኝ። «እሷ ከያዘች አላህ ሰይድን ይመልስልኛል። ለማንም አትንገር።»

አልተናገርኩም። መቼም ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ከዚያ ግምገማ መጣ። ስንት ችግኝ ጸደቀ የሚል ጥያቄ ከበላይ አካል ወረደ። ጓድ በላቸው ኮሚቴውን ይዘው ተዳፋቱን ወጡ። ታርጋ ታርጋውን እያዩ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አንዲቷ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ሥሯን አስቆፈሩ። ፕላስቲክ የለም። የቆፈረው ልጅ ደግሞ የአንዱን ደረቅ ሥር ነቀለና አሳያቸው፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ጥቅል ተጠቅልሎ ሞቷል። ጓድ በላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተበላሸ ስፌት ሲያዩ ያውቁታል። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ገብቷቸዋል። ግን ምን ብለው ሪፖርት ያድርጉ? እትዬ ዘይነባ ልክ ከሆኑ ማን ሊሳሳት ነው?

በቀጣዩ እሁድ እትዬ ዘይነባ አዳራሽ ፊት ቆሙ። የሕዝብ ንብረት ቀድደዋል ተባሉ። አልካዱም። «ቀድጃለሁ። ታፍና ነበር» አሉ። ጓድ በላቸው ላብ በላብ ሆነዋል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓድ መምህር፣ ሳይንሱ ምን ይላል?»

እንግዲህ በዕድሜዬ አንዴ የምጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ሕዝቡ አየኝ። እትዬ ዘይነባም አዩኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዝበት እስክሪብቶ እጄ ላይ ነው። ተስፋዬ ታየኝ፤ ያ ተመላሽ ሳህን ታየኝ።

«ሳይንሱ… ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚያየው» አልኩ።

ሁለቱን አቅጣጫዎች ማንም አልጠየቀኝም። እትዬ ዘይነባ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ አሥራ አምስት ቀን እንዲታሰሩ ተወሰነባቸው። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲወስዷቸው አጠገቤ ደርሰው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃዋን አደራ።»

ጊዜው የካቲት ነው። ነፋሱ ያንን ሁሉ አቧራ አንስቷል፤ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። በመጀመሪያው ቀን ጀሪካኑን ሞልቼ በር ላይ አቆምኩ። የሊቀመንበሩ ሚስት በዚያ በኩል ስታልፍ አየኋትና መልሼ አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን የተማሪዎች ፈተና ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ራሴን አመመኝ። ምክንያት አላጣሁም። እውነቱ ግን አንድ ነው፤ የተፈረደባትን ዛፍ ውሃ ሲያጠጣ ታየ እንዳልባል ፈራሁ። በዘጠነኛው ቀን ወጣሁ። ቅጠሏን ስነካው እጄ ላይ ተበተነ። ሃያ ሊትሩን በሙሉ አፈሰስኩላት። ምን ያደርግላታል? ቆሜ አለቀስኩ።

መጋዘኑ ትንሽ መስኮት አለው። እትዬ ዘይነባ ከውስጥ «እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኩ።

መረቁኝ! አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ አሉኝ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በዚያች መስኮት ተመረቅኩ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሲፈቱ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ጨርቃቸውን በብብታቸው እንደያዙ በቀጥታ ወደ ተዳፋቱ ወጡ። በሬ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሲመለሱ በፊቴ አልፈው ገቡ። በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፤ ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ይዘዋል። የምገባበት ጠፋኝ።

«ተቀበለኝ እንጂ» አሉኝ። «በሰው ላይ ቂም ይዤ ልጄን አልጠብቅም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳምቡሳውን በላሁት፤ አልወረደልኝም።

ዓመቱ ዞሮ ሐምሌ ሆነ። ያው መኪና፣ ያው ግራር፣ ያው ማይክሮፎን። ያለፈው ዓመት ችግኝ የደረቀው በዝናብ እጥረትና በአሻጥር ነው ተብሎ ተዘግቷል። ስለዚህ ፕላስቲኩን የቀደደ ወዮለት! እንደገና ሁላችንም ከነፕላስቲኩ ተከልን። እትዬ ዘይነባ ቅጣት ስላለባቸው ችግኝ አልተሰጣቸውም። ጠርዝ ላይ ቆመው ሲያዩን ዋሉ።

እሱ ነው የበላኝ። በሚቀጥለው እሁድ «ሆዴን አሞኛል» የሚል ወረቀት ለስብሰባው ላክሁ። ያን ሰሞን ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ነው። ሰው ሁሉ አዳራሽ ሲገባ እኔ ተዳፋቱን ወጣሁ። በርከክ አልኩና አንዷን በጣቴ ቆፍሬ አወጣሁ። ፕላስቲኩን ቀደድኩ፣ መልሼ ተከልኳት፣ አፈሩን በመዳፌ ጫን ጫን አደረግሁ። ቀጥዬ ሁለተኛዋን። የግራር እሾህ እጄን ደም በደም አደረገው። ፕላስቲኩን ሸሚዜ ውስጥ እየከተትኩ ከታችኛው ጫፍ ጀምሬ ወደ ላይ ሄድኩ። ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ! ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየቆጠርኩ ነበር። አርባ ሦስት ደረስኩ።

«ባርሲሳ! ማል ጎቱ?»

ጥበቃው ኦቦ ገመዳ ነው። መምህር፣ ምን እየሠሩ ነው ማለቱ ነው። ልጁን ያስተማርኩለት ሰው ነው፤ ሲያየኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ። ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ፣ ሸሚዜ በፕላስቲክ ተወጥሮ ያረገዝኩ መስያለሁ። ምን ያድርግ? ሥራው ነው። እያዘነ ክንዴን ይዞ ወደ ቀበሌ ወሰደኝ።

ጓድ በላቸው ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፕላስቲክ አዩ፤ እኔን አዩ። በዚያች ደቂቃ ሁለት መንገድ ነበረኝ። «ካልተቀደደ ይሞታል ብዬ ነው» ካልኩ ሊቀመንበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አሻጥር ነው፣ ወደ ላይ የሚተላለፍ ነገር ነው።

«ሰርቄ ነው» አልኩ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ለበርበሬ ነጋዴ ልሸጠው።»

አንዱን ፕላስቲክ አንስተው በሁለት እጃቸው ወጠሩት። ቂጡ ተዘንጥሏል፤ እንኳን በርበሬ ድንጋይ አይዝም። አገላብጠው አዩት። ረዘም አድርገው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«ሌባ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ከትከሻቸው ላይ ኩንታል የወረደላቸው ይመስል ነበር። «የተማረ ሌባ!»

ሦስት ቀን ታሰርኩ። እትዬ ዘይነባ እውነት ተናግረው አሥራ አምስት ቀን፣ እኔ ዋሽቼ ሦስት ቀን። ሌባ የሪፖርት ቅጹ ላይ ቦታ አለው፤ ልክ የሆነ ሰው ቦታ የለውም። ተማሪዎቼ «ቲቸር ላስቲክ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስክለቅ ድረስ በሱ ተጠራሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ በዚያች መስኮት ምግብ ያቀበሉኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። «ስንት ደረስክ?» አሉኝ። አርባ ሦስት አልኳቸው። «ከየት ጀምረህ?» ከታችኛው ጫፍ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ተዳፋቱን ብወጣ እትዬ ዘይነባ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው በጣሳ ለእያንዳንዷ ያጠጣሉ። የእርስዎ የቷ ናት አልኳቸው።

«የሰይድ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ሁሉንም ነው እንጂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካን ተሸካሚ ሆንኩ። ሰው የቅጣቴ ተጨማሪ መስሎት ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም። ታኅሣሥ ላይ የቀረው ሁሉ ሲደርቅ አርባ ሦስቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጓድ በላቸው ለበላይ አካል ጸደቀ ብለው አሳወቁ። በምን ምክንያት እንደጸደቀ የጠየቀ የለም።

ከዚያ አንዲት እናት መጣች። ልጇን ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ከመኪና ላይ አውርደው ነው የወሰዱት። እትዬ ዘይነባን ወደ ጎን ጠርታ አንዷን ስጪኝ አለቻቸው። ሰጧት። በሳምንቱ ሌላ መጣች፤ ከዚያ ሦስት ሆነው መጡ። እስላሟም ክርስቲያኗም ጣሳዋን ይዛ ትመጣለች። ማን ነገራቸው? የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሰልፍ ላይ በጆሮ ተላልፎ ይሆናል። ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «የሴቶች ማኅበር ለአካባቢ ጥበቃ ያሳየው ተነሳሽነት» ብዬ ጻፍኩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አርባ ሦስቱም ባለቤት አገኙ። ለእትዬ ዘይነባ ጠርዝ ላይ ያለችው አንዲት ቀረቻቸው።

ዛፎቹ አደጉ። ከልጆቹ ጥቂቶቹ መጡ፤ አንዱ በክራንች። ሰይድ አልመጣም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። ስለዚህ እትዬ ዘይነባ ማጠጣቱን አላቆሙም፤ ግራሯ ውሃ የማትፈልግበት ዕድሜ ከደረሰች በኋላ እንኳ ያጠጡ ነበር።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ላይ የሊቀመንበር ልጅም መወሰድ ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓድ በላቸው ተዳፋቱን ሲወጡ አየኋቸው። ኮፍያ የለም፣ አጃቢ የለም። በእጃቸው ጀሪካን ይዘዋል። እትዬ ዘይነባ ፊት ደርሰው ቆሙ።

«የማንም ያልሆነች አለች?» አሉ።

እትዬ ዘይነባ አብረዋቸው ዞሩ። ይቺ የእገሊት ናት፣ ያቺ የእገሊት ናት እያሉ አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። አርባ ሦስቱም አለቁ። ጓድ በላቸው ወደ ላይኛው ክፍል ሄዱ፤ በእሳቸው ትእዛዝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ የደረቀው ወዳለበት። ስማቸው የተጻፈባትን ዝገት የበላት ታርጋ ፈልገው አገኙ። ውሃውን በሙሉ እዚያ እንጨት ሥር አፈሰሱት፤ ጠብታ አላስቀሩም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ዓመት የፈራሁት ሰው ነው። ደስታው ግን አልመጣልኝም። የታየኝ ያ እሁድ ነው። ኦቦ ገመዳ ሲጠራኝ አርባ አራተኛዋ እጄ ላይ ነበረች። ግማሹን ቀድጄላት ነበር።